ኪጋሊ በመኪና፦ ከቪዛው በፊት ሊብሬውን ግለጡ

ታናሽ ወንድማችን የካቲት 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ አገባ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ከጎንደር ተነስተን በአባታችን ሃይሉክስ ሠርጉ ላይ ደረስን። የገባነው ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሐሳባችን ግን ከሳምንት በላይ ቀድመን መድረስ ነበር። ያን ሳምንት የበላብን መንገድ አይደለም፤ ቪዛም አይደለም። የመኪናው የሞተር ቁጥር ነው።

ከዚያ ወዲህ "በመኪና ከአገር መውጣት እንዴት ነው?" ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ብዙ ነው። ሁሉም የሚጀምረው ከቪዛ ነው። እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነበር። ስለዚህ ያየሁትን ልጻፈው፤ ማን ያውቃል፣ ለአንዱ ሳምንት ያተርፍለታል።

ከጉዞው በፊት ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ያኔ ጣሪያው ላይ ድንኳን የጫነ መኪና ጎንደር ውስጥ ማየት ብርቅ አልነበረም። ከካይሮ ተነስተው፣ ሱዳንን አቋርጠው፣ በመተማ ገብተው ወደ ኬፕታውን የሚወርዱ ሰዎች ናቸው። ቁርስ ላይ ካርታ ይዘረጋሉ ብዬ እጠብቅ ነበር። የሚዘረጉት ግን ደብተር ነው። በደብተሩ ላይ የየአገሩ ቪዛ የተሰጠበት ቀን፣ መግባት የሚቻልበት የመጨረሻ ቀን፣ የሚያስቆየው የቀን ብዛት ተጽፏል። የኛ አገር ለእነሱ ከባዱ በር ነበር። በኢንተርኔት የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቪዛ በቦሌ ለሚገባ ብቻ ነበር። በመተማ የሚመጣው ሰው ከኤምባሲ ማስመታት ነበረበት። ስለዚህ ጉዟቸውን የሚያቅዱት ከቤታቸው ደጃፍ ተነስተው ሳይሆን ከዚያ ከባድ በር ወደ ኋላ እየቆጠሩ ነው።

ይህን ከእነሱ ተማርኩ። የሳትኩት አንድ ነገር ነው። ለእነሱ ከባዱ በር የሰው ቪዛ ነበር። ለኛ ለኢትዮጵያውያን፣ ቢያንስ ወደ ደቡብ ስንወርድ፣ ከባዱ በር መኪናው ራሱ ነው።

መንገዱን መምረጥ ብዙ አላስቸገረንም። ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ውጭ አገር ሲባል ቀድሞ የሚታየው ከአዘዞ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መንገድ ነው፤ አይከል፣ ነጋዴ ባሕር፣ ሸህዲ፣ መተማ ዮሐንስ። አባባም ያንን መስመር ለዓመታት ነድቶታል። ኪጋሊ ግን ደቡብ ናት። ስለዚህ ያለን ምርጫ ሁለት ነበር፤ ሞያሌ ወይም ኦሞራቴ።

ኦሞራቴ ለምን ታሰበ? በታኅሣሥ ሞያሌ ላይ ግጭት ነበርና እናታችን "በዚያ አትሄዱም" ብላ ነበር። በኦሞራቴ በኩል የሚሄደው መንገድ የቱርካና ሐይቅን ምሥራቃዊ ዳር ይዞ ይወርዳል። በመኪና ለሚዞሩ ፈረንጆች የታወቀ ነው። ጣጣው የኬንያ ኢሚግሬሽን ቢሮ በዚያ በኩል አለመኖሩ ነው። ከኢትዮጵያ መውጫ ማኅተም ታስመታላችሁ፤ የኬንያን መግቢያ የምታስመቱት ግን ናይሮቢ ስትደርሱ ነው። በመሃል ያለው ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር አሸዋና ድንጋይ ነው። ማደያ የለም፣ ጎሚስታም የለም። ብቻውን ለሚሄድ አንድ መኪና አይሆንም። በሞያሌ መስመር ለሚመላለሱ የጭነት መኪና ሾፌሮች ደወልን። ሦስቱም ያለፈው ሳምንት አልፈውበታል። ሞያሌን ያዝን።

ከናይሮቢ ወዲያም ምርጫ አለ። በኡጋንዳ፣ ማለትም በማላባ፣ በካምፓላ፣ በካባሌ አድርጎ የሩዋንዳ በር የሆነችው ጋቱና መድረስ ይቻላል። ወይም በታንዛንያ፣ በናማንጋና በአሩሻ ዞሮ በሩሱሞ ድልድይ ሩዋንዳ መግባት ይቻላል። የኡጋንዳው ያጥራል። ሁለቱም ለኛ ቪዛ ይጠይቃሉ። ያጠረውን መረጥን። የሌላውን ካርታም ግን አልጣልነውም፤ ለምን እንደጠቀመ ቆይቼ እናገራለሁ።

ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜን ማለቴ ነው፣ ሥራውን ሲከፋፍል "እኔ መሪውን፣ አንቺ ወረቀቱን" አለኝ። ተስማማሁ።

የኛን የሰዎቹን ወረቀት በደንብ ነበር የያዝኩት። ፓስፖርታችን ከስድስት ወር በላይ ይቀረው ነበር። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። ሩዋንዳ ያኔ በር ላይ ትሰጥ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደግሞ አፍሪካዊ ሁሉ ያለ ቪዛ እንዲገባ እንደምትፈቅድ አስታውቃለች። የቀረችው ኡጋንዳ ናት። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው፤ ለአንድ ጊዜ መግቢያ 50 ዶላር ከፈልን። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማመልከቻው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አያይዙ ይላል። ክትባቱ ደግሞ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ቪዛው ከመርፌው በኋላ ነው የሚመጣው። መርፌውን አንድ ጊዜ ከተወጋችሁ በቃ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ነው። የድሮ ካርድ ያላችሁ ሰዎች ከመሳቢያ ፈልጉት።

ጥምቀትን ጎንደር አክብረን፣ ቃና ዘገሊላ ባለፈ ማግስት፣ ጥር 13 ወጣን። እማማ ድርቆሹን፣ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ለሙሽሮቹ የአገር ልብሱን አስጫነችን። ደብረ ማርቆስ አደርን። አባይ በረሃን በከባድ ማርሽ ወርደን ጥር 14 አዲስ አበባ ገባን።

በማግስቱ መኪናውን በጊዜያዊነት ከአገር ለማስወጣት የጉምሩክ ፈቃድ ልንጨርስ ሄድን። የሚመረምረው ልጅ ኮፈኑን አስከፈተ። የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው፣ ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር ጋር፣ አመሳከረ፤ ልክ ነው። የሞተሩን ቁጥር አየ። እንደገና አየ። በጨርቅ ጠርጎ ሦስተኛ ጊዜ አየው። "ይኼ ሌላ ሞተር ነው" አለ።

እውነቱን ነው። አባባ ከአራት ዓመት በፊት ሞተር አስቀይሮ ነበር። የሠራው ጋራዥም፣ የሸጠው ሱቅም ሊብሬው ላይ ይስተካከል አላሉትም። በየዓመቱ ለቦሎ ሲመረመርም ማንም አላየውም። ፋይሉ ያለው ጎንደር ነው፤ ሊስተካከል የሚችለውም እዚያው ነው።

ጋሼ መኪናውን ይዞ ተመለሰ። ሁለት ቀን መሄጃ፣ ሁለት ቀን መምጫ። መሃል ላይ ደግሞ የሞተሩ ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ ወረቀቱ፣ መገኘት ነበረበት። አባባ ደረሰኝ የማይጥል ሰው ባይሆን ኖሮ እዚያው ላይ ጉዞው ያበቃ ነበር። ወረቀቱ ከሌለ ሞተሩ ቀረጥ ተከፍሎበት መግባቱን ማስረዳት አትችሉም። ጋሼ የተስተካከለውን ሊብሬ ይዞ ጥር 22 ማታ አዲስ አበባ ገባ። እኔ ያን ሳምንት ዘመድ ቤት ተቀምጬ ቀን ስቆጥር ነው የከረምኩት።

እባካችሁ ይህን አድርጉ። ፓስፖርት ከማደሳችሁ በፊት፣ ቪዛ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ሊብሬውን ይዛችሁ ኮፈኑን ክፈቱ። የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ ቀለም፣ የሰሌዳ ቁጥር አንድ በአንድ አመሳክሩ። አንድ ፊደል እንኳ ብትለይ አስተካክሉ። የሰው ቪዛ ቢዘገይ አንድ ሰው ይቀራል። የመኪናው ወረቀት ከተበላሸ ሁሉም ነው የሚቀረው።

መኪናው በእናንተ ስም ካልሆነ ውክልና ያስፈልጋል። እኛ የነበረን ውክልና መንዳትና ማስተዳደር ይላል። እሱ አልበቃም። ከአገር ማስወጣትና መልሶ ማስገባት የሚል በግልጽ መጻፍ አለበት። አባባ ጎንደር ላይ አዲስ ውክልና ሰጥቶ ጋሼ ይዞት መጣ። ባንክ ወይም ሌላ አካል መኪናው ላይ ዕዳ ካለው፣ ወይም መኪናው ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱን ሳትጨርሱ አትነሱ።

ሌላው የሚያምታታው ካርኔ የሚባለው ሰነድ ነው። መኪናው ገብቶ እንደሚወጣ የሚያረጋግጥ፣ ካልወጣ ቀረጡን የሚሸፍን ዋስትና ነው። ግብጽ አጥብቃ ትጠይቃለች። ወደ ሰሜን የሚያስብ ሰው ከዚህ መጀመር አለበት። እኛ በሄድንበት በኩል ግን በየበሩ ጊዜያዊ ማስገቢያ እየተጻፈልን፣ የመንገድ ክፍያ እየከፈልን አለፍን።

ኢንሹራንሱ ቀላል ነው። የኮሜሳ፣ ማለትም የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ቢጫ ካርድ ይባላል። መኪናችሁን ያስገባችሁበት መድን ድርጅት ያወጣላችኋል። ለኬንያ፣ ለኡጋንዳ፣ ለሩዋንዳ ይሠራል። የምትሄዱባቸው አገሮች ካርዱ ላይ መመልከታቸውን እዩ። የሚሸፍነው ሦስተኛ ወገንን ብቻ ነው፤ የራሳችሁን መኪና አይጠግንላችሁም። ሞያሌ ላይ ኬንያዊው ሠራተኛ "ቢጫ ካርድ" ሲለኝ የክትባቱን ሰጠሁት። እሱ የፈለገው የመኪናውን ነው። ቀጥሎ ሌላው መስኮት ላይ "ቢጫ ካርድ" ተባልኩ፤ የመኪናውን ሰጠሁ። እሱ ደግሞ የክትባቱን ነበር የፈለገው። ሁለቱን በተለያየ ላስቲክ አድርጉ።

ጥር 24 ከአዲስ አበባ ወጥተን፣ ዲላ አድረን፣ በማግስቱ ማታ ሞያሌ ደረስን። ከጎንደር እስከዚያ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ነው። በማግስቱ ጠዋት ተሻገርን። ያኔ የኛው ቢሮ ለብቻ፣ የእነሱ ለብቻ ነበር። በ2013 ግን የጋራው የድንበር ጣቢያ ተመርቋል፤ የመውጫውም የመግቢያውም ሥራ በአንድ ቦታ እንዲያልቅ ነው የተሠራው።

ከበሩ አለፍ እንዳላችሁ መንገዱ ይገለበጣል። ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው። የኛ መኪና መሪ በግራ ስለሆነ ሾፌሩ ወደ መሃል መንገድ አይታየውም። ለመቅደም የሚያየው ጎን የተቀመጠው ሰው ነው። ስለዚህ እኔ ዓይን ሆንኩ፤ "ቆይ"፣ "ና"፣ "አሁን"። እኔ ሳልናገር ጋሼ እንዳይቀድም ተስማማን። እንቅልፍ ሲመጣብኝ ደግሞ ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፎ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ይህን ስምምነት ከመነሳታችሁ በፊት አድርጉ። ኡጋንዳም በግራ ነው። ጋቱና ላይ ሩዋንዳ ስትገቡ ወደ ቀኝ ትመለሳላችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ያን ጊዜ ነው፣ ለምደነዋል ባልንበት።

ከሞያሌ በማርሳቢት አድርጎ ኢሲዮሎ ድረስ አስፋልቱ ጥሩ ነው። ሰው ግን አይበዛበትም። ማርሳቢት ላይ ነዳጅ ሙሉ። ኢሲዮሎ አጠገብ አንድ ፖሊስ አስቆመንና የኢንሹራንስ ወረቀታችንን ገለጠ። "2011? ይህ ካለፈ ስምንት ዓመቱ" አለ። ልክ ነው፣ በእሱ ቀን አቆጣጠር ስምንት ዓመት አልፎታል። እንደ ዕድል ሊብሬውንና መንጃ ፈቃዱን አዲስ አበባ ላይ በእንግሊዝኛ አስተርጉመን በሰነዶች ማረጋገጫ አጽድቀን ነበር፤ ትርጉሙ ላይ ሁለቱም ዘመን ተጽፏል። እሱን አሳየሁት። አነበበ፣ ተገረመ፣ ሸኘን። የአገር ውስጥ ኢንሹራንሱን ግን አላስተረጎምኩም ነበር። ቀን ያለበት ወረቀት ሁሉ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ሰዓቱስ? የኬንያ ሰዎች በስዋሂሊ ሲናገሩ እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። "ሳ ምቢሊ" ካሏችሁ የኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር።

ፌስታል ኬንያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ሩዋንዳ ደግሞ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክለዋል። እማማ በርበሬውን ያሰረችው በፌስታል ነበር። ሞያሌ ሳንሻገር ወደ ፕላስቲክ ጣሳ ገለበጥነው። ጣሳው ላይ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጻፍንበት። ቀይ ዱቄት አምስት ኪሎ ተሸክሞ ምንም ሳይጻፍበት ድንበር ላይ መቆም ጥያቄ ያስነሳል።

አሁን ወደ ቪዛው ልመለስ። ናይሮቢ ላይ ራት እየበላን ጋሼ "ኡጋንዳ አንድ ጊዜ መግቢያ ነው ያልሽኝ። ስንመለስስ?" አለኝ። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። የገባንበት መንገድ እንጂ የምንመለስበት አልታሰበኝም ነበር። ኪጋሊ እንደደረስን ሠርጉ ሳያልፍ ለመመለሻው እንደገና አመለከትን፤ ሌላ 50 ዶላር፣ ሌላ ጥበቃ።

ዛሬ ቢሆን ከመነሻዬ የምሥራቅ አፍሪካ የቱሪስት ቪዛ የሚባለውን አጣራ ነበር። ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ሩዋንዳን በአንድ ላይ ይይዛል፤ 100 ዶላር ነው፤ 90 ቀን በሦስቱ መሃል ያመላልሳል። ሁለት የኡጋንዳ ቪዛ ከመግዛት ጋር ዋጋው እኩል ነው። ሁለት ነገር ግን እወቁ። የሚጠየቀው መጀመሪያ ከምትገቡበት አገር ነው። ከሦስቱ አገሮች ከወጣችሁ ደግሞ ያበቃል፤ በታንዛንያ ዞራችሁ ልትመለሱ ካሰባችሁ አይሆናችሁም። የምትመለሱበትን ሳትወስኑ ቪዛ አትግዙ።

በየበሩ የማይረሳ ሌላ ነገር አለ። ለሰው የሚሰጠው ቀንና ለመኪናው የሚሰጠው ቀን የተለያየ ነው። ፓስፖርቱ ላይ ሦስት ወር ተጽፎላችሁ የመኪናው ወረቀት ከዚያ በጣም ሊያንስ ይችላል። ጠይቁ፣ አንብቡ። ስትወጡም የመኪናው ወረቀት መዘጋቱን አረጋግጡ። ማላባ ላይ ተሽቀዳድመን ልንሄድ ስንል አንድ የጭነት መኪና ሾፌር "ያንን አስመትታችኋል?" ብሎ መለሰን። አላስመታንም ነበር። ያልተዘጋ ወረቀት ማለት መኪናው እዚያ አገር ቀርቷል ማለት ነው። ቀረጡ ይጠየቃል።

የሁለተኛው ካርታ ነገር ይኼ ነው። የካቲት 11 ከኪጋሊ በጋቱና ወጣን። በዚያው ወር 20 ገደማ፣ እኛ ቤታችን ሳለን፣ ጋቱና ተዘጋ። በሁለቱ አገሮች መካከል በተፈጠረ አለመግባባት ነው፤ የተከፈተው በጥር 2014 ነው። አሥር ቀን ብንዘገይ በዚያ በር መመለስ አንችልም ነበር፤ በሩሱሞና በታንዛንያ እንዙር ብንል ደግሞ ሌላ ቪዛ ያስፈልግ ነበር። ለዚህ የሚሆን ገንዘብና ጊዜ በኪሳችሁ ይኑር።

በመተማ ስለመውጣት የሚጠይቁኝ አሉ። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ያንን መስመር ለሽርሽር የሚያስብ ሰው ካለ እባክህ ተው እለዋለሁ። እዚያ በር ላይ ያየነው ሸሽቶ የሚገባ ሰው ነው። የኛው ክልል መንገድም በዚያው ዓመት ክረምት ከተነሳው ግጭት ወዲህ እንደ ድሮው አይደለም። ከጎንደር መኪና ይዞ ሊወጣ ያሰበ ሰው የትናንትን ወሬ አይመን። ጠዋት መናኸሪያ ሄዶ ያን ቀን የገቡትን ሾፌሮች ይጠይቅ። በሌሊት አይሂድ። "አይሆንም" ካሉት ይቅርበት። ሠርግ በአውሮፕላንም ይደረሳል።

አንድ ነገር ቀረኝ። መኪናው ሲወጣ ዋስ የሆነልን አጎታችን ነው። ሞያሌ ተመልሰን ስንገባ ደክሞን ነበር፤ ጋሼ ዝም ብለን እንንዳ አለ። የጉምሩኩን መስኮት አስከፍተን መመለሱን አስመዘገብን። አዲስ አበባ ደግሞ ወረቀቱን አስገብተን ዋስትናው እንዲነሳ አደረግን። አጎቴ በመንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ደውሎ ነበር፤ ሠርጉ እንዴት ነበር ብሎ አልጠየቀም። "ወረቀቱ ተዘጋ?" ነው የሚለው። አራተኛውን እኔ ደወልኩለት።